እስከ ፀደይ የማይከፈት ጠርሙስ

ከማስታወሻዬ፣ ኦሳካ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 1966

ሰማዩ ጠርቷል። ከሰሜን የመጣው ሁለተኛው የኮምቡ፣ የደረቀ የባሕር ቅጠል፣ ጭነት ዛሬ ደረሰ። ቅጠሉ ወፍራም ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የባሕር እርጥበት ስለያዘ ለሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከእህቴ ከእትዬ ሺጌ ቤት ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው ምራቷ ፉሳኤ ናት። እኔና እትዬ ከተያየን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ደብዳቤውን እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

የማዕድን ሰፈር፣ ሆካይዶ
ኖቬምበር 13 ቀን 1966

ለተከበሩ አጎታችን ለቶኩዞ፣

በእኛ በኩል የመጀመሪያው በረዶ ጣሪያውን ሸፍኖታል። በእናንተ በኩል ግን ገና የዛፉ ቅጠል የሚቀላበት ጊዜ ይመስለኛል። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ሱቁም ብርዱን በደኅና እንድትሻገሩት እመኛለሁ። ባለቤቴ ሂሳኦ እንደወትሮው ወደ ከሰል ጉድጓዱ ይወርዳል፤ ደኅና ነው።

እናታችንን፣ እትዬ ሺጌን፣ ከበጋ ጀምሮ ሆዳቸውን ያማቸው ነበር። ባለፈው ወር ሐኪም አያቸው። የጨጓራ ቁስለት ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ እስከ ፀደይ ይሽራል ብሏል። ስለዚህ አይስጉ።

የምጽፍልዎት ስለ ምግብ ነው። ከትናንት በስቲያ ለሆድ ይለሰልሳል ብዬ ያንን የአኩሪ አተር አይብ፣ ቶፉ፣ ቀቅዬ አቀረብኩላቸው። አንዴ ጎረሱና የመብያ ዘንጎቹን አስቀመጡ። «በእኛ አገር ይሄ ዩዙ ሳይነካው አይበላም ነበር» አሉኝ። ዩዙ የሚባለው ሎሚ እዚህ ብርድ አገር አይበቅልም፤ እኔም ቀምሼው አላውቅም። ማጥቀሻው እንዴት እንደሚሠራ ስጠይቃቸው «እኔ ከቶሳ ተራራ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ለፈትል ፋብሪካ የወጣሁ ሰው፣ መብላቱን እንጂ መሥራቱን ምን አውቄ! ቶኩዞን ጠይቂው። እናታችን እስክትሞት ሥሯ ተወሽቆ የነበረው እሱ ነው» አሉ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ ስላሉኝ ነው የጻፍኩት፤ ይቅርታ።

አሠራሩን ቢጽፉልኝ፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ዩዙም ቢልኩልን፣ ውለታዎን አልረሳም። ለቤተሰቡ ድስት የሚሆን ወፍራም ኮምቡም ቢጨመርበት ደስ ይለናል። የእናታችን ዓይን ስለደከመ የምጽፈውን ከማሸጌ በፊት አነብላቸዋለሁ፤ የእርስዎም ሲመጣ እንዲሁ። አሁንም እየሰሙኝ ነው። «ሆዱ እንዳይገፋ ንገሪው» ይላሉ።

በትሕትና፣ ፉሳኤ

ከማስታወሻዬ፣ ኖቬምበር 19

በልጅነት ቤታችን ኮምቡ አልነበረም። የደረቀ ዓሣም አልነበረም። እናቴ ዩዙውን ለሁለት ትገምሰዋለች፣ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ትጨምቀዋለች፣ ሶያ ሶስ ታፈስበታለች፤ አለቀ። ቶፉው ከድስት ሳይወጣ ይደርሳል።

ይህንኑ ልጽፍ ብዕር አነሳሁ። ግን ሠላሳ ዓመት ኮምቡ የሸጠ ሰው «ኮምቡ አያስፈልግም» ብሎ ለዘመድ አይጽፍም። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ የድሃ ቤት ማጥቀሻ መላኩም አሳፈረኝ። የታመመ ሰው የተሻለው ይገባዋል አልኩና የሱቁን አሠራር ጻፍኩ።

ኦሳካ
ኖቬምበር 20 ቀን 1966

ለፉሳኤ፣

በረዶው ቀድሟችሁ እንደመጣ ሰማሁ። ምድጃችሁ አይጥፋ፣ ሂሳኦም ከጉድጓዱ በወረደበት እግሩ ይውጣ። እትዬ እስከ ፀደይ እንደምትድን በመስማቴ ልቤ ዐረፈ። ሆዴ አልገፋም በያት፤ ገፍቶም ከሆነ የሽያጭ ማነስ አይደለም።

ከእኔ የሚላከው ሳጥን ውስጥ ሃያ ፍሬ ዩዙ፣ ሁለት እስር ኮምቡና አንድ ከረጢት የደረቀ ዓሣ ፍቅፋቂ አለ። ሶያ ሶስና ጣፋጭ የሩዝ ጠጅ እዚያው ግዢ። እንዲህ አድርጊው። ዩዙውን በአግድም ገምሰሽ ጨምቂ፤ ግን ልጣጩን አታስጨንቂው፣ ይመርራል። ዘሩ ጭማቂው ውስጥ እንዳይቀር። በጭማቂው ልክ ሶያ ሶስ ስፈሪ። የሩዙን ጠጅ በግማሹ ልክ ስፈሪና የአልኮሉ ሽታ እስኪጠፋ አፍልተሽ አብርጂው። ሦስቱን ቀላቅለሽ መዳፍ የሚያህል ኮምቡና አንድ እፍኝ የዓሣ ፍቅፋቂ ጨምሪበት። በሦስተኛው ቀን በንጹሕ ጨርቅ አጥልይው፤ ጨርቁን አትጭመቂው፣ በራሱ ጊዜ ይንጠብ። በፈላ ውሃ በታጠበ ትልቅ የሩዝ ጠጅ ጠርሙስ አድርገሽ ዝጊውና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪው።

ከዚያ ያለው ሥራ መተው ነው። ገና ሲሠራ ሎሚውና ሶያው ይጣላሉ፤ አንዱ ምላስ ይወጋል፣ ሌላው ጨው ብቻ ነው። ሦስት ወር ከተቀመጠ ይታረቃሉ። ማርች 21፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ቀን፣ እትዬ ተነሥታ ራሷ ትክፈተው። ከዚያ በፊት ማንም እንዳይነካው።

ደኅንነት ከቤታችሁ አይራቅ። ቶኩዞ

የማዕድን ሰፈር
ዲሴምበር 4 ቀን 1966

ለተከበሩ አጎታችን፣

የዓመቱ መጨረሻ የሱቅ ሰው እግሩን የማያሳርፍበት ጊዜ እንደሆነ አውቃለሁ። በዚህ መሐል ስለማስቸግርዎ ይቅር ይበሉኝ። ጤናዎ ይጠበቅ።

ሳጥኑ በደኅና ደረሰ። ስከፍተው የዩዙው ሽታ ጎረቤቶችን ጠራቸው፤ ሦስት ሴቶች ምን እንደሆነ ሊያዩ መጡ። ሂሳኦ ከሥራ ሲገባ ገና ከበሩ ሸተተውና ማን መጣ ብሎ ጠየቀ። እናታችን አንዱን ፍሬ በሁለት እጃቸው ይዘው ዋሉ።

ልክ እንዳሉኝ አድርጌ ሠራሁት። እናታችን ተጋድመው እያንዳንዱን ነገር ሲያዩ ነበር። ኮምቡውን ስጨምር ተገረሙ። «እኔ እኮ እናቴ ዝም ብላ የምትጨምቅ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ይህን ያህል ትለፋበት ኖሯል! እኛ ግን እንደ ውሃ ነው የጠጣነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ እናታቸው ሲያወሩልኝ አመሹ።

ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪ ብለው ነበር። እዚህ ግን ወጥ ቤት የተቀመጠ ጠርሙስ በአንድ ሌሊት በርዶ ይፈነዳል። ስለዚህ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልዬ ምድጃው ካለበት ክፍል፣ ከእናታችን ራስጌ አጠገብ አኖርኩት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እስከ ማርች መቆየቱ የግድ ነው? ሃያ ቀን ቢበቃው ለአዲስ ዓመት ቶፉ ላቀርብበት አስቤ ነበር። ትዕግሥት የሌላት ሴት ብለው አይቆጡኝ። ኮምቡ የሚልኩ ከሆነ ደግሞ ወፍራሙ ይቅርና በስሱ የተፋቀው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ይሁንልን። ለጉሮሮ ይቀላል።

እናታችን ይህን ሰምተው «ቶኩዞ አይፈቅድም፣ በከንቱ ቀለም ጨረስሽ» ብለዋል።

በትሕትና፣ ፉሳኤ

ከማስታወሻዬ፣ ዲሴምበር 9

ሦስት ወሩን ወደ ሃያ ቀን ለማውረድ የሚለምን ደንበኛ የማይናገረው ምክንያት አለው። ወፍራሙን ትታም ስሱን ጠየቀች። ሁለቱንም አየሁ፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቅሁም። የዓመት መጨረሻ ትዕዛዝ እስከ ጣሪያ ተከምሯል።

በሴፕቴምበር እዚያው ሆካይዶ፣ ሃኮዳቴ ወደብ፣ ኮምቡ ልገዛ ሄጄ ነበር። ከዚያ እስከ እነ እትዬ በባቡር የአንድ ቀን መንገድ ነው። ጨረታው ሲያልቅ ወደ ኦሳካ ተመለስኩ።

ስለ እናታችን የጻፈችውን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። አሁን እውነቱን ብጽፍ እትዬ በሰባ ዓመቷ ያገኘቻትን ታታሪ እናት መልሼ ልወስድባት ነው። ስለዚህ በያዝኩት ጸናሁ።

ኦሳካ
ዲሴምበር 10 ቀን 1966

ለፉሳኤ፣

አሮጌው ዓመት ጣጣውን ይዞ ይውጣ፣ አዲሱ በሰላም ይግባላችሁ።

ስሱን ኮምቡ ልኬያለሁ። ስለ ጠርሙሱ ግን እትዬ ልክ ናት፤ አልፈቅድም። በሃያ ቀን የሚከፍት ሰው ባይሠራው ይሻለው ነበር። በሱቄ በራፍ ስንት ባለ ገንዘብ ቀድመህ ሽጥልኝ ብሎ ለምኖኝ ባዶ እጁን ሄዷል። ለእህቴ ያልበሰለ ነገር ብልክ እናታችን ምን ትለኛለች? ማርች 21 ሩቅ አይደለም። እትዬ እየዳነች ነው፤ ጠርሙሱም እየበሰለ ነው፤ ሁለቱም እኩል ይደርሳሉ።

እጃችሁ አይቀዝቅዝ። ቶኩዞ

የማዕድን ሰፈር
ጃንዋሪ 8 ቀን 1967

ለተከበሩ አጎታችን፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በደኅና አደረስዎ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የቤት ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

ደብዳቤዎን ለእናታችን አነበብኩላቸው። «ሁለቱም እኩል ይደርሳሉ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ሂሳኦም በጣም ደስ ብሎታል። በየቀኑ ከሥራ ሲገባ «እማዬ፣ ጠርሙሱ ሊከፈት ስንት ቀን ቀረው?» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ቆጥረው ይነግሩታል። ዛሬ ሰባ ሁለት ነው።

ስሱ ኮምቡ ደርሷል፤ እናመሰግናለን። ከእንግዲህ ምንም አይላኩልን። ያለን ይበቃናል። እናታችን የሩዝ ውሃ በማንኪያ እየወሰዱ ነው። በረዶው መስኮቱ ድረስ ስለደረሰ ክፍሉ ቀንም ጨለማ ነው።

ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም። ደኅና ይሁኑልን።

ፉሳኤ

ከማስታወሻዬ፣ ጃንዋሪ 13

መጀመሪያ ወፍራሙን ጠየቀች። ቀጥሎ ስሱን። አሁን ምንም አትላኩ አለች። በሥራዬ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ አውቃለሁ፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ታማሚ መብላት እያቆመ ነው። የእትዬ ሕመም ቁስለት አይደለም። ለሂሳኦ ተነግሮታል፤ ለእትዬ አልተነገራትም። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር።

ልሄድ አሰብኩ። ነገር ግን በዘጠኝ ዓመት ያልመጣ ወንድም በዚህ በረዶ በሩን ቢያንኳኳ ታማሚዋ ወዲያው ታውቃለች። ቴሌግራምም እንደዚያው ነው። ደብዳቤ ብልክ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ ጠርሙሱን የሚያስከፍት፣ ሌላ ትርጉም የማይሰጠው የነጋዴ ምክንያት ያስፈልገኛል። አገኘሁ።

ኦሳካ
ጃንዋሪ 14 ቀን 1967

ለፉሳኤ፣

ብርዱ በጠነከረበት በዚህ ሰሞን ሁላችሁም ጤና ሁኑልኝ።

የምጽፈው ለሥራ ጉዳይ ነው። የዘንድሮው ዩዙ ዝናብ በዝቶበት ውሃ የሞላው ኖሯል። ሱቅ ውስጥ ያሉትን የራሴን ጠርሙሶች ዛሬ ከፍቼ ብቀምስ ከጊዜያቸው ቀድመው በስለዋል። እናንተ ጋ ደግሞ በምድጃ አጠገብ ስለተቀመጠ ይብስ ይቸኩላል። እስከ ማርች ከቆየ ይበላሻል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሰበት ቀን ክፈቱት። አትጠብቁ። ለእትዬ ቶፉውን በጣም አለስልሰሽ ስጫት፤ ቶፉው እምቢ ካለ ማጥቀሻውን ብቻ በማንኪያ ጫፍ።

ጸሐይ ቶሎ ትውጣላችሁ። ቶኩዞ

ከማስታወሻዬ፣ ፌብሩዋሪ 4

መልስ ሳይመጣ ሦስት ሳምንት ሆነ። ዛሬ ጠዋት ከሂሳኦ ቴሌግራም ደረሰኝ። «እናት ትናንት ዐረፉ።» የአሥር ሰዓቱን ባቡር ያዝኩ።

ፌብሩዋሪ 9

ተመለስኩ። ስደርስ ሬሳው ተቃጥሎ ዐመዷ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ፉሳኤ ሻይ ቀዳችልኝና በመንገዱ በርዶዎት ይሆናል አለችኝ፤ ከዚያ ሌላ አልተነጋገርንም። ሂሳኦ ከአጠገቤ አልተለየም። እናቱ እስከ መጨረሻው ቀን ጠርሙሱ የሚከፈትበትን ቀን ትቆጥርለት እንደነበር፣ ምንም ሳታውቅ እንደሄደች፣ እሱም በዚህ እንደሚጽናና ነገረኝ። ጠርሙሱ ጥግ ላይ በጨርቁ እንደተጠቀለለ ነበር። አንገቱ ላይ ያለው እሽግ አልተነካም።

የማዕድን ሰፈር
ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1967

ለአጎቴ ለቶኩዞ፣

በዚያ ሁሉ በረዶ መጥተው ስለሸኙልን አመሰግናለሁ። ከመንገዱ ድካም በኋላ ጤናዎ እንዴት ነው?

ይህን ደብዳቤ የማነብለት ሰው የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የምጽፈው ስለሆነ ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

ካንሰር ነበር። ሐኪሙ በኦክቶበር ለሂሳኦ ኮሪደር ላይ ነገረው፤ እስከ ፀደይ አይደርሱም አለው። ሂሳኦ ለእናቱም ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ተደብቄ ብጽፍልዎ መልስዎ ያጋልጠኝ ነበር፤ ፖስታው ሲመጣ እናታችን ማን እንደላከው ከእኔ ቀድመው ይጠይቁ ነበርና። ስለዚህ የቻልኩት ሃያ ቀን ይበቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ ነበር።

የጃንዋሪው ደብዳቤዎ ወሩ በገባ በሃያኛው ቀን ደረሰ። ሂሳኦ ጉድጓድ ነበር። እንደወትሮው ጮክ ብዬ አነበብኩ። «አትጠብቁ» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ቶኩዞ ነው እንዲህ ያለው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩላቸው። ሳቅ አሉ። «ያ ልጅ እኮ በስምንት ዓመቱ ለማድረቅ የተሰቀለውን ፍራፍሬ በዱላ ይጠብቅ ነበር። ቀኑ አልደረሰም ብሎ እኔን፣ ታላቁን፣ እጄን መትቶኛል። እሱ ቀድመሽ ብዪ ካለኝ እንግዲህ…» አሉ። ከዚያ፣ ባቡር ስንት ሰዓት ይነሣል እንደሚል ሰው አድርገው «ስንት ቀን ነው የቀረኝ?» አሉኝ።

እኔም ምን ማለትዎ ነው፣ ፀደይ ሲመጣ ድነው ይነሣሉ አልኳቸው። ይህን ስል ግን ዓይኔን ከደብዳቤው አላነሣሁም።

«ተይው ልጄ። አንቺም መዋሸት አትችዪ፣ እሱም አይችል፤ ሲነግድ እንዴት እንደከበረ እንጃ! ለሂሳኦ ግን እንዳትነግሪው። አላውቅም ብሎ ሲያስብ ነው እንቅልፍ የሚወስደው።»

ቶፉ ላቅርብ፣ ሂሳኦ ሳይመጣ ትንሽ ይቅመሱ አልኳቸው። ለመንኳቸው። ዓይናቸው ጠርሙሱ ላይ ነበር፤ እንደፈለጉ አይቻለሁ። «ይሄ ሲከፈት ቤቱን ሁሉ ይሸተዋል። ልጄ ገና ከበሩ ያውቅብኛል» አሉ። «በፀደይ ብለናል፣ በፀደይ።» ከዚያ አስጠጊልኝ አሉኝ። ከነጨርቁ አፍንጫቸው ሥር ያዝኩላቸው። ብዙ ጊዜ አሸተቱት።

«ምንም አይሸትም» አሉ። «ደኅና አድርገሽ ነው የዘጋሽው።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ቆዩ። ሂሳኦ ሲገባ ስንት ቀን ቀረው ይላል፤ እሳቸው ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ሰባት ይላሉ። እኔ በመሐላቸው ሩዝ አጥባለሁ።

ሂሳኦ አሁንም አያውቅም። ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። በሕይወት እያሉ ስላልቀመሱት ከማጥቀሻው በትንሽ ሳህን ቀድቼ ከመታሰቢያቸው ፊት ላኖርላቸው ነበር። የጎረቤት ሴቶች ግን አርባ ዘጠኙ የሐዘን ቀን ሳይሞላ ዓሣ የነካው ነገር ለሙት አይቀርብም ብለው ከለከሉኝ። ያ ፍቅፋቂ ተጠልሎ ወጥቷል፤ እንደ ዓሣ ይቆጠራል? እርስዎ የሚሉኝን አደርጋለሁ።

ፉሳኤ

ኦሳካ
ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1967

ለፉሳኤ፣

የአየሩን ነገር አልጽፍም። ባለፈው በረዶ እንዳየሁሽ ከስተሻል፤ ብዪ፣ ተኚ።

ይቆጠራል። ፍቅፋቂው ቢወጣም ዓሣው ውስጡ ነው። ሴቶቹ ልክ ናቸው። አታቅርቢላት።

የሚቀጥለውን ልተወው ብዬ አራት ቀን አሰብኩ። አንቺ ግን ለእኔ አልደበቅሽም። በቤታችን ያንን ማጥቀሻ ስንሠራ ዓሣ አልነበረውም። ኮምቡም፣ የሩዝ ጠጅም አልነበረውም፤ የምንገዛበት አልነበረንም። ሦስት ወር የሚቀመጥም ነገር አልነበረም። እትዬ እንዳስታወሰችው ነው፤ እናታችን ዝም ብላ ትጨምቀው ነበር። እኔ የጻፍኩልሽ የሱቄን ነው። የተሻለ ልላክ ብዬ ነው፤ እንዲያውም አይደለም፤ አፍሬ ነው። በኖቬምበር ሳጥኑ የደረሰ ዕለት አንዷን ፍሬ ብትገምሺ እትዬ ያኔውኑ በልታ ነበር። ያን ጊዜ ገና ቶፉ ይወርድላት ነበር።

የቤታችን ማጥቀሻ ለሙትም ይቀርባል፤ የሚከለክለው ነገር የለውም። ስለዚህ ደብዳቤሽን ባነበብኩበት ቀን ዩዙ ልገዛ ወጣሁ። የማውቃቸውን አትክልት ነጋዴዎች ሁሉ ዞርኩ። ቶሳ ላሉት ገበሬዎች ስልክ ደወልኩ። አልቋል። የመጨረሻው በጃንዋሪ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ እስከ ኖቬምበር የለም። በሌላ ሎሚ ይሠራ ይሆናል፤ ግን ሌላ ሎሚ ልልክልሽ አልፈልግም።

ሂሳኦ ማርች 21 ጠርሙሱን መክፈት እንደሚፈልግ እዚያ ሳለሁ ነግሮኛል። እሱ ይክፈተው፤ ከቀመሰም ይቅመስ። ይጣፍጠዋል፤ በደንብ ተሠርቷል። እናቴ ይህን ነበር የምትፈልገው ካለሽ አዎ በዪው።

እትዬ የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነበር። ዩዙ ጨምቂ፣ ሶያ ጨምሪ። ይህን ለመጻፍ የፖስታ ካርድ ጀርባ ይበቃ ነበር።

ቶኩዞ